የዛገ ቮልስ ቦዲ ማደስ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ከመግዛታችሁ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

«አንድ የድሮ ቮልስ አግኝቻለሁ፤ ዝጋለች ግን። ልግዛት ወይስ ልተዋት?» ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ከጥያቄው ጋር ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ሁልጊዜ ከፊት የተነሣ ነው፤ ክብ መብራቶቿ፣ ኮፈኗ፣ ትንሽ የተላጠ ቀለም። ከዚህ ተነሥቶ ግዙ ወይም ተዉ ማለት አይቻልም። የቮልስ ጤና የሚታወቀው በበሯ ሥር፣ በኋላ ወንበሯ ሥርና በሆዷ ነው።

ስለዚህ መኪና ለማየት ስሄድ የማደርገውን በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። ስልካችሁ ላይ ይዛችሁት ሂዱ። ግማሽ ቀን፣ አንድ ረዳትና ቢቆሽሽ የማያሳዝን ልብስ ያስፈልጋችኋል። የምጽፈው ሞተሯ ከኋላ ስለሆነው ባለ ሁለት በር ቮልስ ነው። ስለ ላንድሮቨር ለምትጠይቁኝ ወደ መጨረሻው ለብቻው አለላችሁ።

መቼ ትታይ?

ከቻላችሁ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እዩዋት። ጎንደር ላይ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ስታዩዋት ውሃ በየት እንደሚገባባት በግልጽ ይታያል። ምንጣፏ ገና አልደረቀም፤ የመስታወቷ ጥግ አዲስ ብርቱካናማ ዝገት አውጥቷል። መጋቢት ላይ ያቺው መኪና ደርቃ፣ አቧራ ለብሳ ደህና ትመስላለች። በጋ ላይ ማየት ግድ ከሆነባችሁ 7ኛውን ደረጃ እንዳትዘሉት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ትንሽ ማግኔት። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል። ቀለም እንዳይቧጭር በስስ ጨርቅ ጠቅልሉት።
- ጫፉ የደነዘ ካቻቢቴ። የሾለ ከሆነ ደህናውንም ላሜራ ይበሳል፤ ከሻጩም ጋር ያጣላል።
- የእንጨት እጀታ ያለው ትንሽ መዶሻ።
- የእጅ ባትሪ። የስልክ መብራት ጠባብ ቦታ ውስጥ አያሳይም።
- ሜትር፣ ጠመኔ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ቀጭን ሽቦ።
- ክሪክ፣ ሁለት የብረት ካቫሌቶ (የተነሣች መኪና የምታርፍበት መቆሚያ) እና ለጎማ የሚሆን ታኮ (ጎማው እንዳይንከባለል የሚያግድ)።
- የቆዳ ጓንት፣ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ።
- ትንሽ ነጭ ጋዝና ጨርቅ።
- 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን።
- ደብተር፣ እስክሪብቶና ስልክ።

ወንበር እንደምታነሡ፣ ምንጣፍ እንደምትገልጡና በካቻቢቴ እንደምትጫኑ ለሻጩ አስቀድማችሁ ንገሩት። ፈቃዱን ሳታገኙ አትጀምሩ። «ኧረ እንዲሁ እዩዋት፣ ቀለሙ ብቻ ነው እኮ!» ካለና ምንጣፍ መግለጥ ከከለከለ፣ አመስግናችሁ ውጡ። ያልታየ ወለል አይገዛም።

ማስጠንቀቂያ

- በክሪክ ብቻ ከቆመች መኪና ሥር አትግቡ። የዛገች ቮልስ ላይ ይህ እጥፍ አደገኛ ነው። በጎን ያለው የክሪክ መግቢያዋ ራሱ በዝገት ተበልቶ፣ ክብደት ሲያርፍበት ሊቀደድ ይችላል። ክሪኩን ከፊት በአክስሉ ቱቦ ሥር፣ ከኋላ ደግሞ በቶርሽን ባር ቱቦው (ከኋላ ጎማዎቹ ፊት በአግድም የሚያልፈው ወፍራም ቱቦ) ሥር አድርጉ። ከዚያ ካቫሌቶ አስገቡ። ጎማውን በታኮ ያዙ።
- የነዳጅ ታንኩ ከፊት፣ ኮፈኑ ሥር ነው። በፍተሻ ቀን ግራይንደርም ሆነ እሳት የሚባል ነገር አይቀርብም። ባዶ ታንክ ውስጥ የቀረ የቤንዚን ትነት ከሙሉው ይበልጥ ይፈነዳል።
- ባትሪ ካላት መጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ንቀሉ።
- የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። ስትፍቁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ብናኙን ሕፃናት ከሚጫወቱበት አርቁ።
- የዛገ ላሜራ እጃችሁን ከቆረጠው ቁስሉን ታጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጉዳይ ለነገ አይባልም።

1. ከብረቱ በፊት ወረቀቱን እዩ

ሊብሬውን ተቀበሉና የሻንሲ ቁጥሩን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከዚያ የኋላ ወንበሩን መቀመጫ አንሡ። በወለሉ መሐል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደውን ወፍራም ቱነል ታያላችሁ። ቁጥሩ እዚያ ላይ፣ ወንበሩ ሥር ተመትቷል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ሞተሩ ላይ፣ ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው።

ለምን መጀመሪያ? የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የታሰረው በብሎን ነው። ብሎኖቹ ከተፈቱ ሙሉ በሙሉ ይነሣል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የአንዷ ቦዲ የሌላዋ ወለል ላይ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ያለው ወለሉ ላይ ስለሆነ፣ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ስም ማዛወር ላይ ትቆማላችሁ። ያን ጊዜ የብየዳው ጥራት አይረዳችሁም።

ቁጥሩ በቆሻሻ ከተሸፈነ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉት። የሽቦ ብሩሽም የብርጭቆ ወረቀትም አይንካው። የተፋቀ ቁጥር ጥርጣሬ ያስነሣል።

2. ደልዳላ መሬት ላይ አቁሙና የበሩን ክፍተት አንብቡ

ጎንደር ውስጥ ደልዳላ መሬት ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ቁልቁለት ላይ ወይም አንድ ጎማዋ ኮብልስቶን ላይ ሆኖ ክፍተት አይለካም። ወደ አዘዞ አካባቢ የተሻለ ሜዳ ይገኛል። ግቢው ካልተመቸ ገፍታችሁም ቢሆን አውጧት።

አሁን በሮቹን ዝጉና በበሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ከላይም ከታችም ተመሳሳይ መሆን አለበት። ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ቦዲው መሐሉ ላይ ወርዷል ማለት ነው። መሐሉ ሲወርድ የፊቱና የኋላው የበር ምሰሶ የላይ ጫፎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ።

ቀጥሎ በሩን ከፍታችሁ በጫፉ በኩል ወደ ላይ አንሡት። የሚንቀሳቀሰው በማጠፊያው ብቻ ከሆነ ማጠፊያው አልቋል፤ ቀላል ነው። በሩ የተያዘበት ምሰሶ ራሱ ከተንቀሳቀሰ ግን የምሰሶው ሥር ተበልቷል። ደብተራችሁ ላይ በትልቁ ጻፉት።

የመጨረሻው የበር ፈተና ይሄ ነው። በሩ ተዘግቶ ሳለ አንዱን ጎን በክሪክ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ረዳታችሁ ክፍተቱን ይይ። ክፍተቱ በግልጽ ከተለወጠ፣ ወይም ቀድሞ ደህና ይዘጋ የነበረ በር አሁን ከተጣበቀ፣ ክብደት የሚሸከመው ብረት ሥራውን አቁሟል።

3. ማግኔቱን ይዛችሁ ዙሩ

በጣሪያው ጀምሩ። ጣሪያ ላይ ስቱኮ (ጉድጓድና ቀዳዳ የሚደፈንበት ሊጥ መሰል ነገር) ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ማግኔቱ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ከዚያ ትማራላችሁ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። የበሩ የታችኛው 15 ሳንቲ ሜትር፣ የፓራፋንጎዎቹ (የጎማ መሸፈኛዎቹ) ጠርዝ፣ ከበሩ ኋላ ያለው ጎን፣ የፊት መስታወቱ ዙሪያ። ማግኔቱ የላላበትን ወይም የወደቀበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ አክብቡ።

ማግኔት የማይዘው ብረቱ ላይ ወፍራም ስቱኮ ሲኖር ነው። ከስቱኮ ሥር የታሸገ እርጥበት ብረቱን ከውስጥ መብላቱን ይቀጥላል። ላይ ላዩ ለአንድ ክረምት ያምራል፤ በሁለተኛው ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ግን ረጋ በሉ። አራቱም ፓራፋንጎ፣ ሁለቱ በሮች፣ ኮፈኑ፣ የሞተሩ ክዳን፣ በጎን ያሉት መርገጫዎችና ፓራውልቶቹ (የፊትና የኋላ መከላከያዎቹ) በብሎን የታሰሩ ናቸው። ተፈትተው ይቀየራሉ። የተበላ ፓራፋንጎ ዓይን ያስቀይማል፤ ውሳኔውን ግን አይለውጥም። ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት።

4. ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን ፈትሹ

ወለሉ ከቱነሉ ግራና ቀኝ የተበየዱ ሁለት ትልልቅ ላሜራዎች ነው። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አውጡ። የተጣበቀ ካትራሜ (ሬንጅ) ካለ ልል የሆነውን ጥረጉና በካቻቢቴው በየተወሰነ ርቀት ተጫኑ።

የኋላ ወንበሩ ቀኝ ሥር ላይ ቆዩ። ባትሪዋ የምትቀመጠው እዚያ ነው። አሲድ የፈሰሰበት ወለል ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይበላል። አዘዞ ውስጥ ያየኋት አንዲት ውሃ ሰማያዊ ቮልስ ቀለሟ ፊት ያሳይ ነበር። ባትሪው ሥር አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ቁራጭ ምንጣፍ ነበር። ምንጣፉን ሳነሣው መሬቱ ታየ። ሣር በቀዳዳው በኩል ገብቶ ነጥቶ በቅሏል።

መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማ ከኖረች ዶሮ ያድርባት እንደሆነም ጠይቁ። የዶሮ ኩስ እርጥበት ይይዛል፣ ብረትም ይበላል። ጨው የጫነች መኪናም እንዲሁ ናት፤ ጨው በየስፌቱ ገብቶ ከአየሩ እርጥበት ይስባል።

ዝገቱን በሦስት ለዩት፤

- የላይ ዝገት። በሽቦ ብሩሽ ሲታሸ ይጠፋል፤ ከሥሩ ብሩህ ብረት ይወጣል። ምንም አይደለም።
- ቅርፊት ያወጣ። በመዶሻ ሲመታ ንብርብር ሆኖ ይረግፋል። አትደንግጡ። ዝገት ከበላው ብረት ብዙ እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ቅርፊቱ ወፍራም ቢሆንም ከሥሩ በቂ ብረት ሊኖር ይችላል። አራግፉና ተጫኑት። ካልጎበጠ ይድናል።
- የበሳ። ካቻቢቴው ያልፋል። ተቆርጦ ይቀየራል፤ ሌላ መድኃኒት የለውም። ቆርጣችሁ ስታዩት ቀዳዳው ከውጭ ከሚታየው ሁልጊዜ ይሰፋል።

ወለሉ ቢበሳም መኪናዋ አልሞተችም። የወለሉ ላሜራ በአብዛኛው ጠፍጣፋ ስለሆነ ጎበዝ ባቲላሜራ (የመኪና ቦዲ ሠሪ) እዚሁ ሠርቶ ይተካዋል። ቱነሉ ራሱ ከበሳ ግን ሌላ ነገር ነው። የመኪናዋ የጀርባ አጥንት እሱ ነው፤ የማርሽ ዘንጉና የነዳጅ ቱቦው በውስጡ ያልፋሉ።

5. በበሩ ሥር ያለውን የሙቀት ቦይ ፈትሹ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

ቮልስ ውስጧን የምታሞቀው ከሞተሩ በሚመጣ ሞቃት አየር ነው። አየሩ ከኋላ ወደ ፊት የሚያልፈው በግራና በቀኝ፣ በበሩ ደፍ ሥር ባለ ሳጥን መሰል ቦይ ውስጥ ነው። ይህ ቦይ ግን የአየር መንገድ ብቻ አይደለም። የፊቱም የኋላውም የበር ምሰሶ የቆመው እሱ ላይ ነው። ቦዲው ከወለሉ ጋር የሚታሰርባቸው የጎን ብሎኖችም በእሱ ታች ያልፋሉ። ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው።

የሚዝገው ከውስጥ ነው። ሞቃት አየር ገብቶ ሲቀዘቅዝ ጠል ይሠራል፤ ከጎማ የሚረጨው ጭቃ ከጫፍ ይገባል፤ ውሃው መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከውጭ ቀለሙ እንዳለ ሆኖ ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ፍተሻው እንዲህ ነው፤

ሀ. በመዶሻው የእንጨት እጀታ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ አድርጉ። ደህናው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ደብ ደብ ይላል። ድምፁ የተለወጠበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ።

ለ. ካቫሌቶ ካስገባችሁ በኋላ ከሥር ገብታችሁ የቦዩን የታች ገጽ እዩ። ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ብሎኖቹ ተደርድረዋል። በየብሎኑ ዙሪያ በካቻቢቴ ተጫኑ። የበሰበሰ ከሆነ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል።

ሐ. ሁለቱን ጫፎች እዩ። የፊቱ ጫፍ ከፊት ጎማ ኋላ፣ የኋላው ከኋላ ጎማ ፊት ነው። ጭቃ የሚመታቸው እነዚህ ስለሆኑ ቀድመው ያልቃሉ።

መ. ላሜራ ላይ ላሜራ ተለጥፎ እንደሆነ ፈልጉ። ወጣ ገባ የሆነ የብየዳ መስመር፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የወፈረ ጠርዝ፣ ወይም እዚያ ላይ ብቻ ትኩስ ካትራሜ ከተቀባ ከሥሩ የበሰበሰው ብረት አልወጣም። በሁለቱ ላሜራዎች መሐል ውሃ ይታሰራል፤ አዲሱም አብሮ ይበላል። እንዲህ ያለ ቦይ እንዳልተጠገነ ቁጠሩት። እንዲያውም ከዋናው በፊት የተለጠፈውን ማንሣት ስላለ ሥራው ይጨምራል።

ሁለቱም ቦዮች ደህና ከሆኑ ሌላው ሁሉ ቢያስቀይምም መኪናዋ ትሠራለች። አንዱ ከሄደ ከባድ ግን የሚቻል ሥራ ነው። ሁለቱም ከሄዱ 6ኛውን ደረጃ ሳታዩ አትወስኑ።

6. የፊቱን ራስና የኋላውን ድጋፍ እዩ

ቱነሉ ወደ ፊት ሄዶ የፊት አክስሉ በብሎን የሚታሰርበት ወፍራም ራስ አለው። ከሥር ሆናችሁ የታችኛውን ሽፋን ጥረጉና ተጫኑ። ሁለት ንብርብር ስለሆነ በመሐሉ ጭቃና ውሃ ያቁራል። እዚህ የበሳ ካለ መሪውንና የፊት ጎማዎቹን የያዘው ነገር ደክሟል ማለት ነው። ይህን ቦታ የሚለጥፍ ሰው ካጋጠማችሁ ሥራ አትስጡት። ተቆርጦ፣ ልኬቱ ተጠብቆ መቀየር አለበት፤ ያን የሚያደርግ ሰው በእጃችሁ ከሌለ ተዉት።

ከኋላ ደግሞ የሾክ አብዞርበሮቹን የላይ ማሰሪያ፣ የፓራውልቱን መያዣዎችና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለውን ግድግዳ የታች ጥግ ፈትሹ። ኮፈኑን ከፍታችሁ የስፔር ጎማውን ጉድጓድም እዩ። ጉድጓዱ ቢበላ ብዙ አያስጨንቅም።

7. ውሃ አፍስሱ

የጀሪካኑን ውሃ በፊት መስታወቱ ላይ፣ ከዚያ በጎንና በኋላ መስታወቶቹ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ረዳታችሁ ውስጥ ሆኖ በእጅ ባትሪ ይከታተል። ውሃ ከገባ ጎሚኒው (የመስታወቱ ዙሪያ ላስቲክ) አልቋል፤ ጎሚኒ ይቀየራል። ውሃው የሚገባው ከጎሚኒው ሥር ከተበላ ጠርዝ ከሆነ ግን መስታወቱ ወጥቶ ጠርዙ መሠራት አለበት፤ ያለዚያ አዲስ ጎሚኒ አይይዝም።

የበሮቹ ታች የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎች አሉት። በሽቦው ክፈቷቸው። ባሕር ዛፍ ሥር የቆመች መኪና ቀዳዳዎቿ በቅጠል ተደፍነው በሯ ውሃ ይዞ ይገኛል።

8. ሒሳቡን በየቁራጩ አስሉ

ከባቲላሜራ ባለሙያ ጋር ተመልሳችሁ ሂዱ። ጋሼ ብላችሁ የምታከብሩት፣ ሥራውን በዓይናችሁ ያያችሁት ሰው ይሁን። «በጠቅላላ ስንት?» ብላችሁ አትጠይቁ። በጠመኔ ያከበባችሁትን አንድ በአንድ አሳዩትና ለእያንዳንዱ ዋጋና ቀን አስቆርጡ። በድምር የተነገረ ዋጋ መሐል ላይ ያድጋል። በቁራጭ የተነገረ ግን የቱ እንዳደገ ይታያል።

ሦስት ነገር ጠይቁት።

*በምን ትበይዳለህ?* የቮልስ ላሜራ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በተለምዶው የኤሌክትሮድ ብየዳ ቶሎ ይበሳል። በሽቦ የሚሠራው የሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ) ብየዳ ይመረጣል። በኦክስጅንና በአሴቲሊን የሚሠራ ጎበዝም አለ፤ ሙቀቱ ግን ሰፊ ላሜራ ያጣምማል።

*ከመቁረጥህ በፊት በሩን በምን ትደግፋለህ?* ቦዩ ሲቆረጥ የበሩ ቀዳዳ ቅርጹን ይለቃል። በሁለቱ ምሰሶዎች መሐል ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) መበየድ አለበት። ቦዲው ከወለሉ ጋር እንደታሰረ፣ አንዱ ጎን ሙሉ በሙሉ አልቆ ሌላው ይጀመራል። ይህን ሳትነግሩት የሚመልስላችሁ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።

*ላሜራው ከየት ነው?* ጠፍጣፋውና በአንድ አቅጣጫ ብቻ የታጠፈው እዚሁ ጎንደር ይሠራል። በሁሉም በኩል የጎበጠው፣ ለምሳሌ ፓራፋንጎና ኮፈን፣ በእጅ ሲሠራ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ያረጀች ቮልስ መፈለግ ይሻላል። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የጭነቱን ዋጋ ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ከዚያ ደምሩ፤ የመግዣ ዋጋ፣ ላሜራና ብየዳ፣ የሚቀየሩ ክፍሎች፣ ጎሚኒ፣ አንቲ ረስት፣ ቀለም፣ ስም ማዛወሪያ። በድምሩ ላይ ግማሹን ያህል ጨምሩ። ዝገት ከተከፈተ በኋላ የሚገኘው ከታየው ስለሚበልጥ ይሄ ጭማሪ ቅንጦት አይደለም። አሁን ይህን ድምር ቦዲዋ ደህና የሆነ ሌላ ቮልስ ከሚጠየቅበት ዋጋ ጋር አነጻጽሩ።

9. ወስኑ

*ግዙ።* ቁጥሩ ገጥሟል፣ ሁለቱም ቦይና የፊት ራሱ ደህና ናቸው፣ የበሩ ክፍተት አልተለወጠም። ወለሉ ቢበሳ፣ አራቱም ፓራፋንጎ ቢያልቁ፣ ቀለም ባይኖራት ግዙ። ማራኪ ሰፈር በኩል ባለቤቶቿ ሊያፈርሷት ያሰቡ እንዲህ ያለች ቮልስ ነበረች። ፓራፋንጎዎቿ በሽቦ ታስረው ነበር። ቦዮቿን ስመታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጡ። እንዲህ ያለችው ናት የምትታደሰው።

*ዋጋ አስቀንሱና አስቡበት።* አንድ ቦይ ወይም ሁለቱም ሄደዋል፤ ግን የፊት ራሱ ደህና ነው፣ በሮቹም ልክ ይዘጋሉ። ምሰሶዎቹ ቦታቸውን ስላልለቀቁ የሚለካበት መነሻ አለ። ይህን የምትገዙት ባለሙያው ካለ፣ ገንዘቡም በእጅ ካለ ብቻ ነው።

*ተዉ።* ቁጥሩ አልገጠመም። ወይም ቦዮቹና የፊት ራሱ አብረው ሄደዋል። ወይም ስታነሷት ምሰሶዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ወይም ጣሪያው በግጭት ታጥፎ ያውቃል። እንዲህ ያለችውን ለዕቃዋ ብቻ መግዛት ይቻላል፤ በሮቿ፣ መስታወቶቿና ሞተሯ ሌላዋን ያድናሉ። ዋጋዋም የዕቃ ዋጋ ይሁን። የአባታችሁ መኪና ከሆነች ውሳኔው የቤተሰብ ነው፤ ያም ቢሆን ወጪውን ቀድማችሁ በወረቀት እዩት።

ላንድሮቨር ከሆነ

የድሮ ላንድሮቨር አብዛኛው የውጭ ላሜራ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት አይዝም፤ ስቱኮ ነው ብላችሁ አትሳሳቱ። የሚዝገው ሻንሲውና ከሞተሩ ኋላ ያለው የብረት ግድግዳ ነው። ሻንሲውን በመዶሻ ከፊት እስከ ኋላ ምቱ፤ በተለይ የኋላውን ተሻጋሪ ብረትና ወደ ጎን የወጡትን ክንዶች። ከግድግዳው ደግሞ የእግር ማሳረፊያውንና የበር ማጠፊያው የታሰረበትን እዩ። አሉሚኒየሙ ከብረት ጋር በተገናኘበት ነጭ ዱቄት ካያችሁ እዚያ ላይ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

- ሞተሩ ስለተነሣ መግዛት። ሞተር ወርዶ በሌላ ይተካል። የበሰበሰ ቦዲ ግን ሞተሩን የሚሸከም ነገር የለውም።
- ከሆዷ ትኩስ ካትራሜ ወይም የተቃጠለ ዘይት የተቀባችን መኪና «ተጠብቃለች» ብሎ ማመን። ሊሆን ይችላል። ግን በካቻቢቴ ሳትጫኑ አትመኑ።
- በጣራ ቆርቆሮ መለጠፍ። ቆርቆሮው ለዚህ ሥራ ስስ ነው። የተቀባው ዚንክ ሲበየድ የሚያወጣው ጭስም በያጁን ያሳምመዋል።
- ከብየዳ በፊት ቀለም መቀባት። ብየዳው ያቃጥለዋል፤ ከኋላ በኩል የተቃጠለው ደግሞ ሳይታይ ዝገት ይጀምራል።
- ፎቶ ሳያነሡ መፍታት። እያንዳንዱን ብሎንና ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት አንሡ። ብሎኖቹን በየፌስታሉ ለዩና ስም ጻፉባቸው።
- ከገዙ በኋላ ግቢ ውስጥ ሣር ላይ አቁሞ መተው። ሥራው ቶሎ የማይጀመር ከሆነ ጣሪያ ሥር፣ ድንጋይ ወይም ጣውላ ላይ አቁሟት። ምንጣፉን አውጡ፣ መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉ አየር እንዲገባ። በፕላስቲክ ሸራ ጥብቅ አድርጋችሁ አትሸፍኗት፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል። የብየዳው ሥራ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይለቅ። የተቆረጠ ባዶ ላሜራ ሰኔን መድረስ የለበትም፤ በዚያው ቀን አንቲ ረስት ይቀባ።